የእማዬ አሮጌ ነጠላዎች ብርድ ልብስ ሆኑ

ሱሉልታ ብርዱ አይጣል ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነ ማታ ማታ ያንዘፈዝፋል። ዘንድሮ ከሲያትል ስመጣ ለእንግዳ የሚሆን ብርድ ልብስ ከምንገዛ አብረን እንስፋ አልኩ። የእማዬ ቁም ሳጥን በአሮጌ ነጠላ ተሞልቷል። አይለበሱም፣ አይጣሉም።

ቁርጥራጭ ገጣጥሞ መስፋት፣ ኩዊልት የሚሉትን፣ የለመድኩት ስደት ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ቡና እያፈላን እንሰፋለን። ያስተማሩን የአንዷ ጎረቤት የሆኑ ጥቁር አሜሪካዊት እናት ናቸው። ስለ ጂስ ቤንድም የነገሩን እሳቸው ናቸው። አላባማ ውስጥ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። የዚያ መንደር ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ የሰፉት ብርድ ልብስ ሙዚየም ገብቷል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይም ወጥቷል። ያን ስሰማ የአያቴ ድሪቶ ትዝ አለኝ። እኛ እኮ እንግዳ ሲመጣ ድሪቶውን እንደብቅ ነበር! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሸማ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ አይደለም። ሽመናው ላላ ስለሚል ሲቆረጥ ጠርዙ ይተረተራል። ለስፌቱ ሰፋ ያለ ትርፍ መተው የግድ ነው። ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብም ቀድሞ መታጠብ አለበት። ጥለቱ ደግሞ ካውያ አይችልም፤ የሚያብለጨልጨው ሰው ሠራሽ ክር በግለት ይኮማተራል። በላዩ ጨርቅ ጣል አድርገን ቀስ ብለን ተኮስነው።

መሃሉ ላይ የሚገባውን የጥጥ ንጣፍ ሲያትል እንገዛዋለን። እዚህ የወንድሜን ያለቀ ጋቢ ከተትንበት። ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ነው፤ ከዚህ የሚሞቅ ከየት ይመጣል? ለገበር አቡጀዲ ገዛን። ሽሮ ሜዳ ወርደን ደግሞ ትራፊ ጥለት ጨመርን። አንድ የጋሞ ሸማኔ የእማዬን ነጠላ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «ይሄ የእጅ ፈትል ነው፣ አደራ እንዳትቆራርጡት» አለን። እሱን ሳንቆርጥ ሙሉውን መሃል ላይ አዋልነው።

አክስቴ የእግር መኪናዋን አመጣች። መብራት ቢጠፋም እሷ መስፋቷን አላቋረጠችም። እማዬ ዓይኗ ስለደከመ መርፌ አልያዘችም፤ የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሚሆን የወሰነችው ግን እሷ ናት። «ይሄ ክርስትና የተነሳሽበት ነው። ይሄ ለእህትሽ ሰርግ የለበስኩት።» የእህቴ ልጆች ስልካቸውን ትተው ሲያዳምጧት ዋሉ። ግማሹን ታሪክ እኔም አላውቀውም ነበር። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ዙሪያውን ቁጭ ብለን ሦስቱን ድርብ በእጅ መርፌ ጠቀምነው።

ፎቶውን ሲያትል ላሉት ላክሁላቸው። አንዷ ወዲያው ለገጣፎ እናቷ ጋ ደውላ ነጠላ እንዳይጣል አዘዘች። ሌላዋ ለገና ትመጣለች፤ ጠንካራ ክርና ጥሩ መቀስ እንድትይዝ ነግሬያታለሁ። ቀጣዩ የእህቴ ልጆች ነው፣ ከጠበባቸው ጂንስ። መቁረጥ ጀምረዋል።