የስብ መቀበያዋ ትሪ ነገር

ስጋ በጭስ የማበስልበትን ምድጃ፣ ስሞከሬን፣ ካሠራሁ ወዲህ ብዙ ነገር ተስተካክሎልኛል። ሙቀቱን መያዝ፣ ጭሱን ማቅጠን፣ ስጋውን ሳይቸኩሉ መጠበቅ፣ ሁሉም ከሞላ ጎደል እጄ ገብቷል። አልሆን ብሎ የከረመው አንድ ነገር ነበር፤ ከስጋው ሥር የምትቀመጠው የስብ መቀበያ ትሪ። ሰሞኑን እሷም ልክ ገባች። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፍላችሁ።

መነሻውን ባጭሩ ልበለው። ስሞከሩ የ200 ሊትር በርሜል ነው። ብየዳ ቤት ወስጄ በር አስከፈትኩለት። ሁለት ደረጃ ፍርግርግ፣ ከላይ የጭስ መውጫ፣ ከታች የአየር ማስገቢያ አሠራሁለት። ስጋ ከመግባቱ በፊት ባዶውን ኃይለኛ እሳት አንድጄበት የቀለሙንና የዘይቱን ትራፊ አቃጠልኩት። ይኸው ነው።

ስለ እንጨቱ ግን ሳልናገር አላልፍም። ባህር ዛፍ አታንድዱበት። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሽ ስለሆነ እጅ ይቀናዋል፤ ጭሱ ግን ስጋው ላይ የመድኃኒት ጣዕም ጥሎ ይሄዳል። እኔ የምጠቀመው ከአዊ የሚመጣውን የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ ነው) ከሰል ነው፤ ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ተክሎ የሚያከስለውን። ለጭሱ ደግሞ ትንሽ የደረቀ ወይራ ጣል አደርግበታለሁ። እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑት በእሱ አይደል?

ወደ ትሪዋ ልመለስ። ፍሪምባ በ110 ዲግሪ አካባቢ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ ስቡ እየቀለጠ ይወርዳል። ትሪ ከሌለ ከሰሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚነሳው ጥቁር ጭስ ስጋውን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ትሪ ኖሮ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ስቡ እዚያው ያርራል፣ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ እሳት ሲነካው ያ ያረረው እንደገና ይጨሳል። አዲሱ ስጋ የቆየ ስብ የሚሸተው በዚህ ነው። ብዙ ሰው "ቅመሙ ነው"፣ "እንጨቱ ነው" ይላል። መጀመሪያ ትሪውን ይይ።

ሰዎች የሚመክሩትን ሁሉ አይቻለሁ። ፎይል ማልበስ አንዱ ነው። ፎይል አልወድም። አንዲት ቀዳዳ ካገኘ ስቡ ሥር ሥሩን ገብቶ በፎይሉና በብረቱ መካከል ያርራል፤ ከዚያ ሁለቱን ማላቀቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አሸዋ የሚሞሉም አሉ። አሸዋ ስቡን ይጠጣል፣ ከዚያ ይሸታል፣ እሱን የት ትደፉታላችሁ?

የሚያዋጣው ውኃ ነው። ትሪዋ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል የፈላ ውኃ አድርጉ። ውኃ እስካለ ድረስ ትሪዋ ከውኃው መፍያ ብዙም አትግልም፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ስብ ማረሪያ ሙቀት አያገኝም። እኛ ጋ ግን አንድ ጣጣ አለ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች፤ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ቶሎ ይተናል። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሰው "አንዴ ሞልተህ ተኛ" ቢላችሁ አትስሙት። እየተመላለሱ ማየት ግድ ነው። ውኃው አልቆ ስቡ ብቻውን ሲንጣጣ ካገኛችሁት ደግሞ ውኃ እንዳትጨምሩበት! ይረጫል፣ ፊት ያቃጥላል። የአየር ማስገቢያውን ዝጉና እስኪበርድ ጠብቁ። እሳት ከያዘውም ያው ነው፤ አየር መዝጋት እንጂ ውኃ አይደፋበትም።

አሁን የምኮራባት ነገር ትምጣ። ስብ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል አይደል? እንግዲያው ማስወጫው ከታች ምን ይሠራል? ከትሪዋ ወለል ላይ ቢበሳ መጀመሪያ የሚወጣው ውኃው ነው። እኔ ጎኗ ላይ፣ ከውኃው ልክ ትንሽ ከፍ አድርጌ አስበሳሁና አጭር ቱቦ አስበየድኩበት። ውኃ ሲጎድል በማንቆርቆሪያ ቀስ አድርጌ በሌላው ጥግ እጨምራለሁ። ያን ጊዜ ቢጫው ስብ በውኃው ተገፍቶ ወደ ቀዳዳዋ ይሰበሰባል። አፏ ላይ ትንሽ ያመነታል። ከዚያ በቀጭኑ ይወርድና ውጭ የተንጠለጠለችው የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ውኃው ይቀራል፣ ስቡ ይሄዳል። ይህን ቆሜ ሳይ ስጋውን ራሱ እረሳዋለሁ።

ያስቸገረኝ ቱቦው ነበር። በያጁ መጀመሪያ የገጠመው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ለዓይን ያምራል። የእኛን የክረምት ብርድ ግን ታውቁታላችሁ። የከብት ሞራ ገና 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ መርጋት ይጀምራል፤ የበግ ሞራ ከተቀላቀለበት ከዚያም ይብሳል። ስቡ ቱቦው መካከል ሲደርስ ይረጋና ይደፍነዋል። ከዚያ ትሪዋ ሞልታ በጠርዟ ከሰሉ ላይ ትፈሳለች። በሽቦ መጎርጎር፣ ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለል፣ ሁሉንም ሞክሬዋለሁ፤ ሁሉም ለጊዜው ነው። መፍትሔው ቱቦውን ማሳጠርና ማስፋት ሆነ። አሁን ያለው የአንድ ኢንች ቱቦ ነው፤ ከበርሜሉ ግድግዳ የሚወጣው ሁለት ጣት ብቻ፣ ወደ ታች ያዘነበለ። ጣሳዋም ከግድግዳው ጋር ተጠግታ ስለምትንጠለጠል በበርሜሉ ሙቀት ስቡ ሳይረጋ ይወርዳል። በሐምሌ ዝናብም አልደፈነም።

ትሪዋን ስታሠሩ ላሜራ ምረጡ። የጣራ ቆርቆሮ ዚንክ ቅብ ስላለው ከምግብና ከእሳት አጠገብ አይሁን። አልሙኒየም ቀላል ነው፤ ነገር ግን አሁን የምነግራችሁን የአመድ እጥበት አይችልም። አመድ አልሙኒየምን ይበላዋል፣ ያጠቁረዋል።

እጥበቱ እንዲህ ነው። እውነቱን ልናገርና ማጠብ አልወድም፤ ለዚህም ነው አጭር መንገድ ስፈልግ የኖርኩት። ትሪዋ ለእጅ እስክትለዝብ ብቻ ጠብቁ፤ እስከ ነገ አታሳድሯት። የቀረውን ውኃ ሳፋ ውስጥ ገልብጡት። ሲያድር ሞራው ላዩ ላይ ይረጋል፣ እንደ ቂጣ አንስታችሁ ትለዩታላችሁ። ቱቦ ውስጥ ግን አትድፉት፤ የስሞከሩን ቱቦ የደፈነ ስብ የቤቱንም ይደፍናል። ትሪዋን በእንጨት ፋቁና የተነፋ የእንጨት አመድ በትንሽ የሞቀ ውኃ ለውሳችሁ ቀቧት። ስቡና አመዱ ተገናኝተው ሳሙና መሰል ነገር ይሆናሉ። እናቴ በፈሳሽ ሳሙና ስታገል አይታ "አንተ ልጅ፣ አመድ ሞልቶ ሳሙና ምን ያደርግልሃል?" ያለችኝ ቀን ነው ይህ የጀመረው። ጠዋት በግራዋ ቅጠል ፈተግ ፈተግ አድርጎ ማለቅለቅ ነው። ጓንት አድርጉ፣ አመዱ እጅ ያደርቃል። ካስቲክ ሶዳ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ ምግብ አጠገብ አላደርሰውም።

ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ግን አትፈትጉ። ካለቀለቃችሁ በኋላ እሳት ላይ አድርቋትና በጨርቅ ስስ የኑግ ዘይት ቀቧት። ኑግ ሲሞቅ ደርቆ ጥቁር ቆዳ ይሠራል፣ ዝገትም አያስጠጋ። በጎጃም እየኖርን ለዚህ ሌላ ዘይት የምንገዛበት ምክንያት አይታየኝም። በተለይ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ይህን አትዝለሉ። ትሪዋ 55 ቀን እንደቆሸሸች ከከረመች ለፋሲካ የሚጠብቃችሁ ዝገትና የአይጥ ኮቴ ነው።

ጣሳ ውስጥ የተጠራቀመውን ሞራ አልጥለውም። ገና ለብ እንዳለ አናጢ ቤት ከማገኘው ሰጋቱራ ጋር እለውሰውና ይረጋል። በሚቀጥለው ጊዜ ከሰል ማያያዣ ይሆናል። ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ እንጂ፣ የሰጋቱራው ጭስ ሳይጠራ ስጋ አታስገቡ። ጣሳዋንም ማታ ውጭ አትተዉ። ጅብ ከሩቅ ይሸተዋል።

ያልተፈታልኝ አሳ ነው። ቀረሶም አምባዛም በጭስ ሳበስል ሽታው በአመድም በግራዋም አልለቅ ብሎኛል። ለጊዜው ለአሳ ብቻ ሌላ ትሪ ለይቻለሁ፤ ግን ይህ መሸሽ እንጂ መፍትሔ አይመስለኝም። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ጣና ዳር ሆናችሁ አሳ የምታጨሱ፣ በምን እንደምታጥቡ ብትጽፉልኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ እሞክረዋለሁ።