ጎማዬን ሳላስተነፍስ ኤርታሌ ለመድረስ የሞከርኩ ጊዜ

ባለፈው ጥር ለሦስተኛ ጊዜ አፋር ያለው እሳተ ገሞራ፣ ኤርታሌ፣ ደርሼ ተመለስኩ። ያውም አካፋው ከመኪና ሳይወርድ! የመጀመሪያ ጉዞዬን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ስለ ዝግጅት ብዙ አልልም። ከህዳር እስከ ጥር ሂዱ፤ ሙቀቱ ሲብስ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ሁለት መኪና፣ የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ አፋር፣ ለሰውም ለራዲያተርም የሚበቃ ውሃ። ነዳጅ ሰመራ ላይ ሙሉ። በቃ።

እኔን ያሰቃየኝ ጎማ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ጎማውን 40 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ነፍቼ አሸዋው ውስጥ ገባሁ። «ላንድክሩዘር አይደል እንዴ፣ ምን ይሆናል» ብዬ። መኪናው ቆመ። ነዳጅ ረገጥኩ። ጎማው ዝም ብሎ ዞረ፤ ሆዱ አሸዋው ላይ ተኛ። መንገድ የሚመራን አፋር በመስኮት ብቅ ብሎ «ወንድሜ፣ ተው እንጂ፤ ጉድጓድ እየቆፈርክ እኮ ነው» አለኝ። ከዚያ ሁለት ሰዓት በእጃችን ቆፈርን።

ለካ ነገሩ ቀላል ነው። የግመል እግር አሸዋ ሲረግጥ ይሰፋል፤ ንፋሱ የተቀነሰ ጎማም እንደዚያው። ሁለተኛው ጉዞ ላይ ወደ 18 አወረድኩትና አሸዋውን እንደ ቀልድ አለፍኩት። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ኤርታሌ ስር ያለው ሰፈር፣ ዶዶም፣ ሳንደርስ ግን የቀዘቀዘ ላቫ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራው ፈስሶ የጠጠረ ድንጋይ፣ መጣ። ድንጋዩ ምላጭ ነው። በ18 የጎማው ጎን ያብጣል፤ ድንጋዩ የሚያገኘውም እሱን ነው። ቀደደው። መሃሉ ቢበሳ ይለጠፍ ነበር፤ ጎኑ ከተቀደደ ግን የትኛውም ጎሚስታ አያድነውም። ጎማውን መልሰህ የምትነፋበት ኮምፕሬሰር አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ፤ ከሻንጣዎች ስር። ማውረዱ ሰልችቶኝ ነው።

አሁን አሸዋ ላይ 18፣ ላቫው ሳይጀምር 28፣ ከዚያ በከባድ ማርሽ ከእግረኛ እኩል። ቁጥሮቹ ለእኔ መኪናና ለእኔ ጭነት ናቸው፤ እንዳለ አትገልብጧቸው። የንፋስ መለኪያ ለብቻው ግዙ፤ የኔ ኮምፕሬሰር ላይ ያለው ይዋሻል። ጠዋት ጎማው ሳይግል ለኩ።

ዊንች ላይ፣ ማለትም የተቀበረ መኪና በገመድ የሚጎትት ማሽን ላይ፣ ብር የሚያፈሱ ጓደኞች አሉኝ። ገመዱን ከምን ጋር ሊያስሩት ነው? እዚያ ዛፍ የለም! በዚያ ብር ሁለተኛ ትርፍ ጎማ ግዙ።

አስፋልት ስትደርሱ ደግሞ ወዲያው ንፉ። በጎደለ ንፋስ ከፈጠናችሁ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ይህን እየመከርኩ ባለፈው ጥር ራሴ በ28 አፍዴራ ከተማ ድረስ፣ በጨው ጫኝ መኪኖች መሃል ነድቻለሁ። ኮምፕሬሰሩን ያወጣሁት ቀዝቃዛ ለስላሳ ከጠጣሁ በኋላ ነው።