አላይነር አድርጎ ቡና መጥራት

ጥርሴን እያስተካከልኩ ነው ስል ሰው ሁሉ አፌ ላይ ሽቦ ይፈልጋል። የለም! የኔ አላይነር ነው፤ ጥርስ ላይ ልክክ የሚል፣ የሚወልቅ፣ ስስ ፕላስቲክ። አፍሽን በካሜራ ይቃኙና ተራ በተራ የሚደረጉ ይሠሩልሻል፤ እያንዳንዱ ጥርስን የሚገፋው ቢበዛ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይቀየራል። አዲሱ የገባ ቀን እንጀራ ማኘክ እንኳን ያስጠላል።

«ምንም አይታይም» የሚሉትን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ፕላስቲኩ እንዲይዝ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ጉብታዎች ጥርስ ላይ ይለጠፋሉ፤ አላይነሩ ሲወልቅ ከንፈርን ከውስጥ ይፈገፍጋሉ።

ዋናው ጣጣ ቡና ነው። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሲበላና ከውሃ ሌላ ሲጠጣ ይወልቃል። የኛ ቡና ደግሞ ፈንዲሻው፣ ወሬው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ የተፈቀደልሽን ሰዓት እዚያው ይጨርሰዋል። እኔ አቦልን ጠጥቼ፣ አፌን ተጉመጥሙጬ አላይነሬን እመልሳለሁ፤ በረካ ሳልጠጣ ስነሳ አክስቴ ትቆጣለች። ጉርሻ ይዛ ስትመጣ «ቆይ ላውልቅ» ማለትማ አይሞከርም። ሲወልቅም ማስቀመጫው ውስጥ ይግባ፤ ሶፍት ላይ ከተቀመጠ ከትሪው ጋር ተነስቶ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል።

ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ጥርሱ በጣም የዞረበት ሰው ብሬስ (ሽቦው) ይሻለዋል ሊባል ይችላል። ራስሽን የምታውቂ ረሺ ከሆንሽም ሽቦው ይሻልሻል፣ እሱ አይወልቅም። ሁለቱም ሲያልቁ ሪቴይነር አለ፣ ጥርሱን በአዲሱ ቦታው የሚይዝ ማቆያ፤ ካልተደረገ ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይጀምራል።