ንጹሕ ሆኖ የመጣው ምስል

ስኪዞፍሬኒያ በተባለው የአእምሮ ሕመም የተያዘው የታናሽ ወንድሜ የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ውጤት «ችግር አልታየም» ተብሎ ከመጣ ወዲህ በቤታችን ክርክር ተነሥቷል። አጎታችን «አንጎሉ ጤነኛ ከሆነ ክኒኑ ለምንድን ነው? ጸበሉን አጥብቃችሁ ያዙ» ይላሉ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ልጁ ከትምህርት ለመሸሽ ብሎ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ይህኛው በጣም አናደደኝ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ሲያድር፣ ሬዲዮው ስለ እርሱ እንደሚያወራ እየነገረን ሲንቀጠቀጥ አይተነዋል።

ሰሞኑን ስለ ስኪዞፍሬኒያ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 በለንደን የኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል እነ ኢቭ ጆንስተን የሕሙማንን አንጎል በሲቲ ስካን (በኤክስሬይ በሚሠራ የምስል ምርመራ) አነሡ። በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚገኝባቸው ክፍተቶች ከጤነኞቹ ሰፍተው ተገኙ። ኋላ የመጡ ጥናቶችም ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ማነሱን፣ የአንጎል ቅርፊት መሳሳቱን አሳዩ፤ ያውም በሽታው ገና በጀመራቸው ወጣቶች ላይ ጭምር።

ልቤን የነካው ግን በዚያው አቆጣጠር በ2001 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው። በልጅነታቸው በዚሁ በሽታ የታመሙ 12 ታዳጊዎች ለአምስት ዓመታት ያህል በኤምአርአይ ተከታታይ ምርመራ ተደረገላቸው። በጉርምስና ጊዜ የማንኛውም ልጅ አንጎል፣ አትክልተኛ ቅርንጫፍ እንደሚከረክም፣ የማይፈልጋቸውን የነርቭ ሕዋሳት ግንኙነቶች ይቀንሳል። በእነዚህ ልጆች ግን የግራጫው ክፍል (የነርቭ ሕዋሳት የሚበዙበት የአንጎል ክፍል) መሳሳት እጅግ የፈጠነ ነበር፤ ከላይኛው የኋላ ክፍል ጀምሮ ወደ ፊት እየተስፋፋ ሄደ። አሥራ ሁለት ልጆች! የእያንዳንዳቸው እናት ከምርመራው ክፍል በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ትታየኛለች።

ታዲያ የወንድሜ ምስል ለምን ንጹሕ ሆነ? እነዚህ ልዩነቶች ጎልተው የሚወጡት የብዙ ሕሙማን አማካይ ከብዙ ጤነኞች አማካይ ጋር ሲነጻጸር ነው። በአንድ ሰው ምስል ላይ በሽታውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የአንዳንዱ ሕመምተኛ ሂፖካምፐስ ከጤነኛው ሰው ሊተልቅ ይችላል። ሐኪሟ ኤምአርአይ ያዘዘችው ዕጢ ወይም ሌላ ጉዳት አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ የሚታወቀው በምልክቶቹና በቆይታቸው ነው። ስለዚህ ንጹሕ ምስል ክኒን ለማቋረጥ ፈቃድ አይሆንም።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «እየተቆጣሁ ስላሳደግሁት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ሁሉ ወር በሆዷ ይዛው ኖራለች። በእናት ቁጣ የሚመጣ በሽታ አለመሆኑን ደጋግሜ ነገርኋት።

ጸበሉን ማንም አልከለከለውም፤ ጠዋት ይጠመቃል፣ ማታ ክኒኑን ይውጣል። ማክሰኞ ቀጠሮ ስላለን አጎታችን አብረውን እንዲሄዱ ለምኛቸዋለሁ። ከእኔ ይልቅ ሐኪሟ ብትነግራቸው ይሰማሉ።