የዘመቻ ፎቶ የምትሰበስቡ፣ ክረምቱን ቅደሙት

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ የፖለቲካ ዘመቻ ፎቶ ለመሰብሰብ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የምሰበስበው የዕድገት በኅብረትን (1967)፣ የመሠረተ ትምህርትን (ከ1971 ወዲህ)፣ የ1979ኙን የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔና፣ ከተገኘ፣ የንጉሡን ዘመን የፓርላማ ምርጫ ነው። የመጨረሻው እጅግ ብርቅ ነው። ፓርቲ ስላልነበረ ተወዳዳሪው የሚቀሰቅሰው በግሉ ነው፤ ፎቶውም የቀረው በየቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ ነው። የደርግ ዘመኑን ደግሞ በ1983 ብዙ ሰው ፈርቶ አቃጥሎታል። የራሱን ፊት በምላጭ ቆርጦ ያወጣም አለ። እንዲህ የተቆረጠ ፎቶ ቢያጋጥማችሁ አትናቁት፤ እኔ ከሙሉው እኩል ነው የማስቀምጠው።

ማፈላለጉ አይከብድም። የድሮ ፎቶ ቤት ልጆችን፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከፖሊቴክኒክ ጡረታ የወጡትን ጠይቁ፤ ቡና ሲፈላ አትቸኩሉ።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ግንቦት ላይ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ካርቶን ከፍቶ አሳየኝ። የመሠረተ ትምህርት ፎቶዎች ነበሩ፤ ዛፍ ሥር የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ደብተር ላይ ያጎነበሱ እናቶች፣ ከበስተኋላ ጣና። እዚያው በስልኬ ላንሳቸው ብዬ ለመንኩ። «ወንድሜ፣ የትብብር ደብዳቤ ያምጡ» ተባልኩ። አመጣሁ። ለሌላ የሥራ ሂደት ነው የተጻፈው ተባለና ተመለሰ። አስተካክዬ ስመጣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። እሳቸው ሲገኙ ደግሞ «የቅጂ መብት ያስጠይቀናል፣ ኮሚቴ ይየው» አሉ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ጥበቃ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ የ1971 ፎቶ ማንን ያስጠይቃል? ይህንኑ ነገርኳቸው፤ «ኮሚቴው ይወስን» ብለው ዘጉት።

ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ያፈስ ነበር፤ ይህንንም ተናግሬአለሁ። ደብዳቤው ማኅተም ያገኘው መስከረም ላይ ነው። ካርቶኑ ሲከፈት ፎቶዎቹ ተጣብቀው እንደ ጡብ ደርቀዋል። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለበት ሽፋን ጄላቲን ነው፤ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ የነካውን ይዞ ይቀራል። ያን ጊዜ «የሚወገድ ስለሆነ መውሰድ ይችላሉ» አሉኝ። ግንቦት ላይ በስልክ ማንሳት የተከለከለው፣ መስከረም ላይ ተሸክሞ መሄድ ተፈቀደ!

ቤት ወስጄ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌ በትዕግሥት ለያየሁ። በቢላ አትሞክሩ፤ ራሱ እስኪለቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ምስሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቁ። ከፊሉ ተረፈ። የብዙዎቹ እናቶች ፊት ግን ተልጦ ከላዩ የነበረው ፎቶ ጀርባ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ሕጋዊው መንገድ መጀመሪያ ደብዳቤ ነው ቢሏችሁም፣ ካርቶኑን የከፈተላችሁ ሰው ከፈቀደ ያኔውኑ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አንሱት። ደብዳቤው ይደርሳል። የጨርቅ ጓንት አድርጉ ይባላል፤ እኔ ታጥቦ የደረቀ እጅ እመርጣለሁ፣ ጓንት የተሰነጠቀ ጠርዝ ይይዛል። የሚለጠፍ ፕላስቲክ አልበም ውስጥ አታስገቡ፤ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። የሰዎቹን ስም ግን ከሁሉም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች እያለፉ ነው።

እዚያው መጋዘን ሌላ ካርቶን እንዳለ አውቃለሁ። የዘንድሮውን ማመልከቻ በጥር አስገብቻለሁ፤ ገቢ የሆነበትን ቁጥርም ይዣለሁ።