ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያለው ዕዳ

ሰኔ 30 ሲቃረብ የሒሳብ ሠራተኛ እንቅልፍ የለውም። ዘንድሮም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለች አንዲት ቢሮ ቁጭ ብዬ የአንድ የቤተሰብ ድርጅት መዝገብ እየዘጋሁ ነበር። (ይህን እንድጽፍ ባለቤቱ ፈቅደውልኛል።) ሽያጩ ተመዝግቧል፣ ባንኩም ገጥሟል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር።

"ጋሼ፣ የተከሰሳችሁበት ነገር አለ? ዋስ የሆናችሁበትስ?"

"አቦ፣ ምንም የለም" አሉኝ።

ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ለማረፍ ወደ ቤት ሄዱ። ለአንድ የጎደለ ደረሰኝ ብለው የታችኛውን መሳቢያ ቁልፍ ሰጥተውኝ ነበር። ስከፍተው ሁለት የፍርድ ቤት መጥሪያና አንድ የዋስትና ውል አገኘሁ።

አንደኛው ክስ ከሥራ ያሰናበቱት የጥበቃ ሠራተኛ ነው። 12 ዓመት አገልግሏል፤ ደመወዙ 6,000 ብር። ሲያጠፋ አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልተሰጠውም፤ ጠበቃቸውም "እንሸነፋለን" ብለዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሰላሁት። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለቀሩት 11 ዓመታት ደግሞ የዚያ ሲሶ ሲሶ፣ በድምሩ 28,000 ብር ነው። ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ፣ 36,000 ብር። የማስጠንቀቂያ ጊዜው የሦስት ወር፣ 18,000 ብር። በጠቅላላው 82,000 ብር።

ሲመለሱ አሳየኋቸው። "ክስ እኮ ነው እንጂ ዕዳ አይደለም፤ ገና አልተፈረደም" አሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ) ስሌት፣ ዛሬ ባለው ማስረጃ መክፈሉ ካለመክፈሉ ከበለጠና መጠኑ ከተገመተ መጠባበቂያ ተይዞ እንደ ዕዳ ይመዘገባል። ፍርድ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ክስ ከጅቡቲ ሲመጣ ስለረጠበ ጭነት ነው። ጠበቃው የማሸነፍ ተስፋቸው ሰፋ ያለ ነው፤ ግን እርግጠኛ አይደሉም። እንዲህ ያለው ዕዳ ተብሎ አይመዘገብም፤ በሒሳብ መግለጫው ማብራሪያ ላይ ይጻፋል። ጭራሽ የማይመስል ክስ ብቻ ነው የሚታለፈው።

"ታዲያ ግብሩን ይቀንስልኛል?" አሉኝ። አይቀንስም። ገና ያልወጣ ወጪ መጠባበቂያ በገቢ ግብር አዋጁ ተቀናሽ አይሆንም፤ የሚታሰበው ወጪው በእርግጥ ሲወጣ ነው። ብዙ ድርጅት ነገሩን የሚተወው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ግብር ካልቀነሰ ለምን እለፋለሁ ይላል።

ያስጨነቀኝ ግን ዋስትናው ነው። ለወዳጃቸው የባንክ ብድር በድርጅቱ ስም እስከ 1,500,000 ብር ፈርመዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1725 ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን፣ በቁጥር 1922 ደግሞ ከፍተኛው መጠን እንዲገለጽ ያዛል፤ ይሄ ውል ሁለቱንም አሟልቷል። በዚያ ላይ "በአንድነትና በነጠላ" ይላል። ባንኩ ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ እኛን ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው።

"እሱ እኮ አይክደኝም!" አሉ ቆጣ ብለው።

ሰውየውን አልጠረጠርኩም። ንግድ ግን ሰው ሳይክድም ይወድቃል። የድሬ ልጅ የደቻቱን ወንዝ ያውቃል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል። በ1998 ክረምት ጎርፉ ሌሊት ሲመጣ ዝናቡ የዘነበው ላይኛው ደጋ ነበር። እናቴ ያን ሌሊት አሁንም ስታስታውሰው ድምጿ ይቀየራል።

"ይሄን ማን ያውቃል?" አልኳቸው። የሟች ወንድማቸው ሚስት በድርጅቱ ድርሻ አላት፤ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። በየዓመቱ የምትፈርምበት ወረቀት ላይ ስለ ዋስትናው አንድም መስመር የለም። የምትተማመነው በእሳቸው ነው። እኔም በዚህ ዓመት መግለጫ ላይ ዋስትናው ሳይገለጽ አላስረክብም አልኩ። ቢያባርሩኝም።

ጋሼ ብዙ ዝም አሉ። ቬንትሌተሩ ብቻ ይዞራል። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ደወሉላት።

"ነገ ቢሮ ነይ" አሏት። "የማሳይሽ ወረቀት አለ።"