ጥቁሩን ታይል የሚረግጡት ታካሚ

ሐዋሳ ውስጥ በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ባለፈው ዓመት የኮሪደሩ ወለል ታድሶ፣ አሮጌው ጥቁርና ነጭ ታይል ተነሥቶ በምትኩ ወጥ ቀለም ያለው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ተነጠፈ። በዚያው ሰሞን አንድ የፓርኪንሰን ታካሚያችን፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ አዛውንት፣ የልምምድ ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ድንገት ቆሙ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ደረታቸው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እግራቸው ግን ከወለሉ አልላቀቅ አለ። «እግሬ ተያዘብኝ» አሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ይህንኑ ኮሪደር ያለ ደጋፊ ይመላለሱበት ነበር።

በፓርኪንሰን ሕመም፣ እንቅስቃሴን ለመምራት የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ስለሚሞቱ፣ ሌላው ሰው ሳያስበው የሚራመደው እርምጃ ለታማሚው እያጠረና እየከበደ ይሄዳል፤ በተለይ ሲዞር ወይም በጠባብ በር ሲያልፍ እግሩ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያጣራነው የመድኃኒታቸውን ሰዓት ነበር፤ ልምምዱ ሌቮዶፓ የተባለው የፓርኪንሰን መድኃኒታቸው በሚገባ በሚሠራበት ሰዓት ካልተደረገ የሰውየውን ትክክለኛ አቅም ማየት አይቻልምና። ኪኒኑን እንደ ወትሮው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወስደዋል፤ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ የመድኃኒቱን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ስለ ቁርሳቸውም ጠየቅናቸው፤ የተለየ ነገር አልበሉም። ባልደረባዬ ሕመሙ እየገፋ ነው ብሎ ስለደመደመ፣ የመድኃኒቱ መጠን እንዲታይላቸው ለሐኪማቸው ደብዳቤ ሊጽፍ ተነሣ።

በዚህ መሐል ኮሪደሩን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛችን፣ «ጋሼ እኮ ድሮም ጥቁር ጥቁሩን እየመረጡ ነበር የሚረግጡት፤ አሁን ምኑን ይርገጡ?» አለች። ወለሉን ከማንኛችንም በላይ ታውቀዋለች። እኛ የምናየው የጉልበታቸውን መታጠፍና የእጃቸውን መወዛወዝ ነበር።

ነጭ ፕላስተር ቆርጠን ከበሩ ወዲህና ወዲያ አግድም ለጠፍንና፣ እያንዳንዱን መስመር እንዲሻገሩ ነገርናቸው። ተሻገሩ፤ በሩንም አለፉ። የእግር መያዝ ባለበት ሰው ላይ ይህ ዘዴ የታወቀ ነው፤ የለመደው አካሄድ ሲከዳው ዓይኑ ወይም ጆሮው እርምጃውን ሊመራለት ይችላል። ሰውዬው ከወንበሩ ላይ ሆነው ወለሉን ሲያስተውሉ ቆዩና ከኮት ኪሳቸው የልብስ ሰፊ ሜትራቸውን አወጡ። ጎንበስ ማለት ስለሚያስቸግራቸው እኔን አስለኩኝ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት አንዱ ጋ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው ጋ 36 ሆኖ ተገኘ። «እንዲህ ሆኖ የተሰፋ ሱሪ ማን ይለብሳል?» ብለው ፕላስተሩን እንደገና አስለጠፉን። በእኩል ርቀት ሲሆን በእርግጥም እርምጃቸው ይበልጥ ተስተካከለ።

ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ። እኔን ግን ያሳሰበኝ፣ በመዝገባቸው ላይ «መሻሻል አሳይተዋል» ተብሎ ከሰፈረው ውስጥ ምን ያህሉ የልምምዱ፣ ምን ያህሉ የአሮጌው ታይል እንደነበረ ነው። ይህን ለመለየት ቤታቸው ሄጄ አየሁ። የቤታቸው ወለል ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሊሾ ነው። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ፣ እኛ ጋ ያለ ችግር በሚራመዱበት ወቅት እንኳ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ እግራቸው ይያዝ ነበር፤ ሐኪም ቤት ደህና ስለሆኑ ከስንፍና ቆጥረውት ኖሯል። ይህ አባባል ከሌሎች ታካሚዎች ቤተሰቦችም የምሰማው ነው፤ እግር መያዝ ግን ከስንፍና ጋር አይገናኝም።

የልምምዱን ይዘትም ለወጥን። እግራቸው ሲያዝ ከመታገል ይልቅ ቆም ማለት፣ ቀና ማለት፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፣ ከዚያም አንድ ትልቅ እርምጃ መጣል ተለማመዱ። ሲዞሩ በአንድ እግር ላይ እንዳይሽከረከሩ፣ ሰፋ ባለ ቅስት እንዲዞሩ አደረግን። መስመር በሌለበት ቦታ ባለቤታቸው «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይቆጥሩላቸዋል፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን ወሬ እንዳይጀምሩባቸው አደራ ብለናቸዋል፣ ሐሳባቸው ሲከፈል እግራቸው ቶሎ ይያዛልና።

የቤቱ ፕላስተር ወለሉ በታጠበ ቁጥር እየተላጠ ስላስቸገረ፣ ልጃቸው መስመሮቹን በነጭ የዘይት ቀለም ቀባቻቸው፤ ልኬቱን የሰጡት እርሳቸው ናቸው። የእኛ ኮሪደር እስካሁን በፕላስተር ነው ያለው፤ ቀለም እንዲቀባ ያቀረብነው ጥያቄ አዲሱን ሴራሚክ ያበላሻል ተብሎ መልስ አላገኘም።